የጾሜን ወጥ ማን ሠራው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጾመ ፍልሰታ መቃረቡን ምክንያት በማድረግ በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በየአድባራቱ ሱባኤ ለመግባት የሚመጣው ወጣት እየበዛ መሄዱን ጠቅሳችሁ፣ ይህም የትውልዱን መንፈሳዊ ዕድገት እንደሚያሳይ ገልጻችኋል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሌሊት በሰዓታት፣ ጠዋት በውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ቀን ደግሞ በቅዳሴ የሚሞላ ቤተ ክርስቲያን አይቶ የማይደሰት ምእመን ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ሆኖም መንፈሳዊ ዕድገትን በተሰበሰበው ሰው ብዛትና በተጾመው ቀን ቁጥር ስለ መለካቱ፣ በራሴ ቤት የደረሰውን መሠረት በማድረግ የተለየ አስተያየት ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ። ስሜ እንዳይወጣ የምጠይቀው በደብዳቤው የምትነሣው ልጅ በሰፈራችን የምትታወቅ በመሆኗ ነው፤ ስለ ራሴ ክብር ጨርሶ አልተጨነቅሁም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት 34 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ጉለሌ በሚገኘው ቤታችን ከመጨረሻዋ ልጄና ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ጋር እኖራለሁ። ጾም የጀመርሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሲሆን፣ ታምሜ ሐኪም ቤት ከተኛሁባቸው ጥቂት ሳምንታት በስተቀር ረቡዕንና ዓርብን ያልጾምሁበት፣ ሁዳዴንም ያልፈጸምሁበት ዓመት የለም። ይህንንም በኩራት ነበር የምናገረው። የሥራዬ አመል ተጣብቶኝ የጾምሁትን ቀን በኪስ አጀንዳዬ እመዘግብ ነበር፤ ሰባቱ አጽዋማት በየመደባቸው ተለይተው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየሁበት ቀን በአንድ ምልክት፣ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ የቆየሁበት በሌላ ምልክት ተይዞ፣ ጳጉሜን ላይ ድምሩ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ለጾም ስለ ሰጠችው ድምሩ ትንሽ አይደለም። እውነቱን ልናገርና፣ ያን አጀንዳ እግዚአብሔር አይቶ የሚፈርምበት ሰነድ አድርጌ ሳልቆጥረው አልቀረሁም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ባለፈው ሁዳዴ ነው። የሁዳዴ 55 ቀናት በስምንት ሳምንታት ተከፍለው ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና በየስማቸው እንደሚጠሩ አንባቢ ያውቃል። አምስተኛው ሳምንት ደብረ ዘይት ውሎ ስድስተኛው ገብር ኄር ሊገባ ሲል ባለው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ የንስሐ አባቴ ቤቱን ጸበል ሊረጩልን መጡ። የገብር ኄር ወንጌል በማቴዎስ ምዕራፍ 25 ያለው የመክሊቱ ምሳሌ ነው። እኔም ማዕዱ እስኪቀርብ ድረስ ራሴን አምስት መክሊት ከተቀበለው በጎ አገልጋይ ጋር አሰልፌ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምጾም፣ ከዳዊት የዕለቱን ድርሻ ሳላደርስ ከቤት እንደማልወጣ ሳልጠየቅ አስረዳቸው ጀመር።

ማድቤታችን ከሳሎኑ ጋር በአንዲት በር ይገናኛል፤ በሩም ክፍት ስለነበር ሠራተኛዋ ልጅ ትታየናለች። ከጠዋት ጀምራ ቆማ ነው የዋለችው። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ በዚያ ላይ ደግሞ እኔ የምወደው ሱፍ ፍትፍት አለ። ሱፍ የሠራ ሰው ልፋቱን ያውቀዋል፤ እኔ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ይህ ሁሉ ድካም አልቆ የሚገኘው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነጭ ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው፣ ጾም ማዕድን ለማቅለል የተሠራ ሥርዓት ሆኖ ሳለ በብዙዎቻችን ቤት የማድቤቱን ሥራ ከፍስክ ቀን ይልቅ የሚያከብደው መሆኑ ነው። በፍስክ አንድ ወጥና አንድ አይብ የሚበቃው ሰው በጾም ቀን ገበታው በአምስት ዓይነት ካልተሸፈነ የተቸገረ ይመስለዋል።

አባታችን ዘገባዬን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ ማድቤቱ መለስ አድርገው፣

«ልጄ፣ አንቺስ ትጾሚያለሽ?» አሏት።

እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለችና፣ «አዎ አባ፣ እስከ ዘጠኝ» አለች።

«ታዲያ የወጡን ጨው በምን ታውቂዋለሽ?»

«አሽትቼ ነው አባ። አንዳንዴ ይስታል።»

አራት ዓመት የዚችን ልጅ እጅ በልቻለሁ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር እጇ ይበላሻል እያልሁ፣ አንድ ቀን ጨው የሚባል አልነካውም፣ አንድ ቀን ጨው ብቻ ሆኗል እያልሁ፣ ለእሷም ፊት ለፊት፣ ለልጄም በጓሮ ስናገር ኖሬአለሁ። አንድ ጊዜማ ሳህኑን ገፍቼ ተነሥቻለሁ። ጨዉ በጾም ወራት ብቻ ለምን እንደሚዛባ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም፤ በመሥሪያ ቤት ሳለሁ የአምስት ብር ልዩነት ከየት እንደ መጣ ሳላውቅ ሒሳብ ዘግቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ በገዛ ገበታዬ ላይ ግን ምክንያቱን ሳልመረምር ስፈርድ ኖርሁ።

አባታችን አላቆሙም። «ቅዳሴስ መቼ ታስቀድሻለሽ?» አሏት። «ለጥምቀትና ለአስተርእዮ ማርያም ጋሼ ይፈቅዱልኛል፤ እሑድ እሑድ ግን ቤት የሚጠብቅ ስለማይኖር...» ብላ ሳትጨርሰው ወደ እኔ አየች። በጾሙም በጸሎቱም እኔ ቤተ ክርስቲያን ስቆም እሷ ደጁን ዘግታ ትቀመጣለች ማለት ነው። እኔና ልጄ ከቅዳሴ ስንመለስ እንጀራው ተዘርግቶ ይጠብቀናል፤ እኛም «እንኳን አደረሰሽ» ብለን እጃችንን እንታጠባለን።

በዚያው ቀን ንስሐዬን ስናገር ቀኖና እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። የጠበቅሁት አርባ ስግደት ወይም ተጨማሪ የጸሎት መጽሐፍ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እስከ ትንሣኤ ድረስ ረቡዕና ዓርብ ወጡን የምትሠራው አንተ ነህ። ካላወቅህ እሷን ጠይቃት። እሑድም ቤቱን ሦስታችሁ በየተራ ጠብቁ» አሉኝ። «አባታችን፣ እኔ የጠየቅሁዎት እኮ ቀኖና ነው» ብላቸው፣ «እኔስ ምን ሰጠሁህ?» አሉ። ስግደቱ እንዴት እንደሚሆን ስጠይቃቸውም፣ «ሽንኩርት ስትከትፍ ታጎነብስ የለም ወይ?» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። አልሸሽግም፤ በልቤ ቅር ብሎኝ ነበር። አንድ ካህን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀር ቀኖና ይሰጣል ወይ ብዬ ለልጄም አማርሬአለሁ።

የመጀመሪያው ዓርብ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ሽንኩርቱን እንደ ድንች አወፍሬ ከተፍሁት፤ ሳይቁላላም በርበሬውን ጨመርሁበትና ቤቱ በሙሉ ሳል በሳል ሆነ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ ውኃ ጠብ ያድርጉበት» ስትለኝ፣ ደግ ምክር መሆኑ እየታወቀኝ «ዝም በይ!» አልኋት። ማድቤት ገብቼ መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር ቁጣዬን ነው። ለካ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ያለችው ሰዓት፣ ሳሎን ተቀምጦ ዳዊት ለሚደግም ሰውና ምድጃ ፊት ቆሞ የቁሌት ሽታ ለሚመታው ሰው አንድ ዓይነት ሰዓት አይደለችም። እኔ ስጾም የኖርሁት የምግቡ ሽታ እንኳ በማይደርስበት ቦታ ተቀምጬ ነበር፤ ፈተናውን ሌላ ሰው ተቀብሎልኝ እኔ አክሊሉን ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ደግሞ ከልጅቷ በቀር ለማንም ያልተናገርሁት፣ አሁን ግን ለአንባቢ ሁሉ የምናገረው ነገር ሆነ። የምስር ወጡ ጨው አላስተማመነኝም። ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ በማንኪያ ጫፍ ቀመስሁ። ሳሎን ሆኜ ለሃምሳ ዓመታት የጠበቅሁትን ሕግ በማድቤት ሁለት ሳምንት እንኳ ሳልቆይ ጣስሁት። ማታ አጀንዳዬን ከፍቼ ያን ቀን በየትኛው ምልክት እንደምመዘግበው ባሰላስል መደብ አጣሁለት፤ ከዚያ ወዲህ አጀንዳው ላይ ምንም አልጻፍሁም። በማግሥቱ ለልጅቷ ስነግራት ሳቀች። «እኔም እዚህ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ቀምሼ አውቃለሁ ጋሼ፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ» አለችኝ። እሷ ለአንዲት ቅምሻ ጨው ንስሐ ገብታለች፤ እኔ ግን ያን ጨው ሰበብ አድርጌ አራት ዓመት ስቆጣት ቁጣዬን አንድ ቀን እንኳ በንስሐ አባቴ ፊት እንደ ኃጢአት አልጠራሁትም።

ከዚህ በኋላ ነው ቀድሞ የማውቃቸውን ቃላት እንደ አዲስ ማንበብ የጀመርሁት። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም፣ ሰው በታወቀ ዕለትና በታወቀ ሰዓት ከምግብ መከልከሉ ነው ካለ በኋላ ዓላማውንም ይነግረናል፤ ኃጢአትን ለማስተሥረይና የሥጋ ፈቃድ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ ነው። እኔ የያዝሁት ሰዓቱን ነበር። ቅዱስ ያሬድም በጾመ ድጓው ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይለናል። ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን፤ ሳህን ገፍቶ የተነሣ አንደበት በዚያ ቀን ጾሟል ወይስ ፈትቷል ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ነው። ስለ ጾም ስብከት በተሰማ ቁጥር ቁጥር 6ና 7 ይጠቀሳሉ፤ እንጀራን ለተራበ መቁረስን፣ የበደልን እስራት መፍታትን የሚናገሩት ናቸው። ከእነርሱ ከፍ ብሎ ቁጥር 3 ላይ ያለው ግን፣ ጾመን ሳለ ለምን አልተመለከትኸንም ብለው ለሚጠይቁት ሰዎች እግዚአብሔር የሰጠው መልስ ነው፤ በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ ይላቸዋል። ይህን ምዕራፍ በየዓመቱ ሳነብ «ሠራተኞቻችሁ» የሚለው ቃል ፋብሪካ ያለውን ሰው እንጂ እኔን የሚመለከት አይመስለኝም ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሰንበትን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝም ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ይረፉ ብሎ በግልጽ ያዛል፤ «እንደ አንተ» የሚለውን ልብ በሉልኝ።

አባቶቻችን በመጽሐፈ መነኮሳት ትምህርታቸው የመንፈስን ዕድገት ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስና ንጽሐ ልቡና ብለው በሦስት ደረጃ ከፍለውታል። እኔ በጾሜ ብዛት ቢያንስ የመጀመሪያውን ጨርሻለሁ ብዬ አስብ ነበር። ለመነኮሳት የተጻፈውን መሰላል ለጡረተኛ ቤት ማምጣቴ ድፍረት እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰው አንድ እርከን ወጥቷል አልወጣም የሚለውን ከራሱ ይልቅ አብሮት የሚኖር፣ በተለይም መልስ ሊሰጠው የማይችል ሰው ይበልጥ ያውቀዋል። በዚያ ወር ስለ መንፈሳዊ ሕይወቴ ደረጃ የሚጠየቅ ምስክር ቢፈለግ ኖሮ መጠራት የነበረባት ልጅቷ ነበረች፤ ምስክርነቷም ለእኔ የሚመች አይሆንም ነበር።

ይህን ነገር በጽዋ ማኅበራችን ላይ ሳነሣው፣ ይህ የቤት አያያዝ ጉዳይ እንጂ የመንፈስ ጉዳይ አይደለም ያለኝ ወዳጅ አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ሠራተኛዋ ካስቀደሰች ወጡን ማን ሊሠራው ነው?» ብሎ ሁሉም ሳቀ። አልፈርድባቸውም፤ አምና ቢሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ነገር ግን ያን ዕለት በጽዋው ዙሪያ የበላነውን ቆሎና ዳቦ፣ የጠጣነውንም ጠላ ያዘጋጀችው ሴት ከማድቤት ወጥታ አንድ ጊዜ እንኳ «አባታችን ሆይ» ስንደግም አብራን አልቆመችም። አረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን የዕረፍት ቀን ተከለከሉ፣ እንደ እምነታቸው መጸለይ አልቻሉም ሲባል ሁላችንም እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ያው ሐዘን ወደ ገዛ ማድቤታችን ሲደርስ ለምን እንደሚጠፋ ግን ልረዳው አልቻልሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል የቤት አገልግሎት የሚሠሩትን ሰዎች ሁኔታ ለብቻው በሚወጣ ደንብ ተወስኖ እንዲታይ ትቶታልና፣ በብዙ ቤት የአንዲት ልጅ የእሑድ ዕረፍት በአሠሪዋ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ሕግ ባልደረሰበት ቤት ውስጥ አሠሪውን የሚጠይቀው ኅሊናው ብቻ ነው፤ እሱም ካህን አግኝቶ ካነቃው ነው።

አባታችን ያዘዙት ቀኖና በትንሣኤ ቢያበቃም የእሑዱ ተራ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሑድ የቤት ጥበቃው ተራ የልጄ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ከወንዶች በር ወጥቼ በቅጽሩ ስሄድ ነጠላዋን በትእምርተ መስቀል ያጣፋች ወጣት ሴት እጅ ነሣችኝ። እንደ ማንኛዋም ምእመን ቆጥሬ አጸፋውን መልሼ አለፍኋት። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ» ስትለኝ ዞር አልሁ። አራት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረን በነጠላ አይቻት ስለማላውቅ አልለየኋትም። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ ስነሣ የኖርሁት ለማላውቃቸው ሰዎች ነው፤ ከቤቴ የማውቃትን ግን በዚያ ቦታ አላውቃትም። ወደ ቤት አብረን ስንመለስ ብዙም አልተነጋገርንም።

ተለውጫለሁ ብዬ እንዳላታልላችሁ። አሁንም ቡናው ሲዘገይ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ሦስት እሑድ ተከታትሎ ዝናብ ሲጥል የእኔ የጥበቃ ተራ በደረሰበት ቀን መዝነቡን በልቤ አመስግኜአለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ሥጋ ወደሙ አልተቀበልሁም፤ በእኔ ዕድሜ ያሉ ብዙዎች እንደሚሉት «ገና ነኝ» እያልሁ ነው የኖርሁት። አባታችን በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተጫኑኝም፤ በየጊዜው የሚጠይቁኝ ስለ ሽሮዬ ነው።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ፍልሰታ ሱባኤ በድጋሚ ስትጽፉ ዘጋቢያችሁ በዐውደ ምሕረቱ የቆሙትን ብቻ ሳይሆን፣ እነርሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ በር የሚከፍቱላቸውንም ሰዎች ቢያነጋግር መልካም ነው። በእኛ ቤት ልጅቷ ዘንድሮ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሱባኤ ልግባ ብላ ፈቃድ ጠይቃኛለች። ደመወዟ ሳይነካ ፈቅጄላታለሁ፤ ከመፍቀዴ በፊት ሁለት ቀን ማሰቤን ግን መደበቅ አልፈልግም። ማድቤቱን ከልጄ ጋር ተከፋፍለነዋል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእኔ ተራ ነው። ሱፍ ፍትፍቱን ለዘንድሮ ትተነዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ጡረተኛ አንባቢያችሁ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ